«ለምን» የሌለበት ማስታወቂያ

ካንሰር የታመሙ ሕፃናትን የሚረዳ ማኅበር ቦርድ ውስጥ የገባሁት በጥያቄዬ ብዛት ነው። ለዜና ሄጄ ሰብሳቢውን አንድ ሰዓት ሙሉ በጥያቄ አፋጠጥኳቸው። ሰብሳቢው በከተማችን ፒያሳ ላይ የፍራሽና የምንጣፍ መደብር ያላቸው፣ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ የሚላቸው፣ ዕርቅም ሽምግልናም ያለ እሳቸው የማይሆን ሰው ናቸው። በመጨረሻ ሲሰለቻቸው «ስማ፣ በር ላይ ቆመህ ከምትጠይቀን ገብተህ ለምን አታግዘንም?» አሉኝ። ሳቅሁ። በሳምንቱ ደብዳቤ ጻፉልኝ፤ ገባሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ማኅበሩ አንድ መስመር ዜና ሠርቼ አላውቅም። የገባሁበትን ቤት አልዘግብም፤ የራሴ ሕግ ነው። ይህንንም የምጽፈው እንደ ዜና አይደለም። ለንዴት የምቸኩል ሰው አይደለሁም፤ የተናደድኩ ቀን ደግሞ ጽፌ ካላወጣሁት አይለቀኝም።

ማኅበሩ ባህል አዳራሽ አካባቢ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ፣ አራት ክፍል ያለው ግቢ ተከራይቷል። ከገጠር ለሕክምና የሚመጡ እናቶች ከልጆቻቸው ጋር የሚያርፉበት ነው። ሕክምናው ዙር አለው፤ መድኃኒቱ ይሰጣል፣ ልጁ ሁለት ሦስት ሳምንት ያርፋል፣ ከዚያ እንደገና ይሰጣል። በየመሀሉ ወደ አገሩ ቢመለስ መንገዱ ይገድለዋል። ስለዚህ ግቢው ማረፊያ ብቻ አይደለም፤ የሕክምናው ግማሽ ነው ማለት ይቻላል።

ግቢውን የምታስተዳድረው ከሆስፒታል ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። ሁላችንም ሲስተር እንላታለን። በመጀመሪያው ስብሰባዬ ላይ አንድ ነገር አስረድታን ነበር፤ ቃል በቃል ማስታወሻዬ ላይ ጽፌዋለሁ። «መድኃኒቱ ክፉውን ሲገድል ደጉንም አብሮ ይገድለዋል። ከዚያ በኋላ ለአሥር ቀን ያህል ልጁ በር የሌለው ቤት ነው፤ ያለፈ ያገደመው ሁሉ ይገባበታል። በእናንተ ጉንፋን የሆነው በእሱ ሞት ሊሆን ይችላል።» ሰባት የቦርድ አባላት ነበርን። ሰባታችንም ራሳችንን ነቀነቅን። በቃለ ጉባኤው ላይ «ገለጻው ጠቃሚ መሆኑ ታምኖበታል» ተብሎ ሰፈረ። እንግዲህ ማንም «አልሰማሁም» ማለት አይችልም።

በዚያው ዓመት በአንድ በዓል ማግስት ሁለት ሚኒባስ ሙሉ ሰው ግቢው በር ላይ ወረደ። ከፊት ጋሼ በሙሉ ልብስ፣ ከኋላቸው የመደብራቸው ሠራተኞች፣ የዕቁብ ጓደኞቻቸው፣ የአንድ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን፣ ብርቱካን፣ ዳቦ፣ ለስላሳ፣ አንድ ካሜራ የያዘ ሰው። ሲስተር በሩን በሰውነቷ ከልላ ቆመች።

«ጋሼ፣ ዛሬስ አይሆንም። ሁለቱ ልጆች መድኃኒት ከወሰዱ ስድስተኛ ቀናቸው ነው።»

«ሲስተር፣ በዓመት በዓል በር አይዘጋም። ደግሞ ባዶ እጃችንን አልመጣንም።»

«እጃችሁ አይደለም የሚያስፈራኝ፤ ትንፋሻችሁ ነው።»

ሰው ሳቀ። ጋሼም ሳቁ። እየሳቁ ገቡ።

እኔ እዚያው ነበርኩ። እንደ ልማዴ ግድግዳ ተደግፌ አያለሁ። ከሁለቱ ልጆች አንዷ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ከሲዳማ ደጋ የመጣች፣ የደም ካንሰር ያለባት፣ ራሷን በቀይ ሻሽ የምትሸፍን። ጎርናና ድምፅ ያለው አንድ ወፍራም ሰው በመሀረብ አፉን ይዞ ካሳለ በኋላ መሀረቡን ኪሱ ከቶ ብድግ አደረጋት፤ ግራና ቀኝ ጉንጯን ሳማት፤ ፎቶ ተነሡ። ይህን አየሁ። ሰዓቱንም አስታውሳለሁ። ግን ከግድግዳው አልተነቃነቅኩም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ዘጋቢ ነገሩ ውስጥ አይገባም» እያልኩ ራሴን ሳስተምር ኖሬ፣ ያን ቀን ዘጋቢ አለመሆኔን ረሳሁት።

በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ያዛት። ስምንት ቀን ሆስፒታል ተኛች። ተረፈች፤ ቀጣዩ ዙር ግን ተላለፈ። ሐኪሟ ለሲስተር የነገሯት አጭር ነበር፦ የሚቀጥለውን ዙር በቀኑ መውሰድ አለባት፤ አንድ ጊዜ ተላልፏል፣ ሁለተኛ መተላለፉ ለበሽታው ጊዜ መስጠት ነው። ቀኑ ከወር በኋላ ማክሰኞ ሆነ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ለእኔ የዚያ ማኅበር ሥራ ሁሉ አንድ ነገር ሆነ፤ ይህች ልጅ ማክሰኞ ላይ ትደርሳለች ወይስ አትደርስም።

ስብሰባ ተጠራ። ጠያቂ ወደ ግቢው እንዳይገባ የሚል ሐሳብ አቀረብኩ። ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ።

«የታመመ መጠየቅ ወንጀል ሆነ እንዴ?»

«ወንጀል አላልኩም ጋሼ። ልጅቷ ግን ታማለች።»

«ትኩሳቱን እኛ እንዳመጣነው በምን አወቅህ? አንተ ጋዜጠኛ ነህ፤ ማስረጃ ማስረጃ የምትል ሰው ነህ። ማስረጃ አለህ?»

ማስረጃ አልነበረኝም። ሊኖረኝም አይችልም። ያ የሚያስል ሰውዬ ነው ብዬ ልምል አልችልም፤ ትኩሳቱ ከማንም ሊመጣ ይችል ነበር። «የለኝም» አልኩ። ጋሼ ወደ ሌሎቹ ዞር ብለው እጃቸውን ዘረጉ፤ «ይኸው» ለማለት።

ሲስተር ከጥግ፣ «እኔም ማስረጃ የለኝም» አለች። «የማውቀው ግን እሳት ያለበት ቤት ጭድ ይዘው ገብተው፣ ሲቃጠል 'ክብሪቱ የማን ነው' ብለው የሚከራከሩ ሰዎች መሆናችንን ነው።»

ውሳኔው አለፈ። ቃለ ጉባኤው ላይ ግን የልጅቷ ሕመም «በአየር ጠባይ ለውጥ ምክንያት» እንደሆነ ተጻፈ። ያን ዕለት አፌን ዘጋሁ፤ ውሳኔው አልፎልኛልና። የተቀረውን በኋላ እመጣበታለሁ።

ማስታወቂያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ጠያቂ መግባት በጥብቅ የተከለከለ ነው። ቦርዱ።» ስድስት ቃል። በትልቅ ፊደል አሳትሜ፣ በላስቲክ አስለብጬ፣ ግቢው በር ላይ በገዛ እጄ በሚስማር መታሁት። ደስ ብሎኝ ነበር። አጭር፣ ግልጽ፣ ትርፍ ቃል የሌለው። አርታኢ ቢሆን አንድ ቃል አይነካውም ብዬ እስከማሰብ ደረስኩ።

ማክሰኞ ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው፣ ዓርብ ከሰዓት፣ ሲስተር ደወለች።

«ልጅቷ የለችም።»

«የለችም ማለት?»

«እናትና ልጅ ወጥተዋል። ለዘበኛው 'ገበያ ደርሰን እንመጣለን' ብላው ነው። ልብሳቸው የለም። ብርድ ልብሱን አጥፋ ፍራሹ ላይ አስቀምጣዋለች።»

ባጃጅ ይዤ ሄድኩ። ዘበኛው ከበሩ አጠገብ በርጩማው ላይ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል። ደጋግሜ ስጠይቀው አንድ ነገር ተናገረ። ከአራት ቀን በፊት የእናትየው ወንድም ከአገር ቤት መጥቶ ነበር። ቅቤ በእንሰት ቅጠል ጠቅልሎ፣ በጀሪካን እርጎ ይዞ። ከንጋት ጀምሮ ተጉዟል።

«ታዲያ?»

«ታዲያማ አሳየሁት።» ጣቱን ወደ ማስታወቂያዬ ቀሰረ። «እሱ ማንበብ አይችልም። አነበብኩለት። 'ለምን?' አለኝ። 'በጥብቅ ነው የሚለው' አልኩት። እኔ ምን አውቃለሁ ጌታዬ? የተጻፈው ይኸው ነው።»

ወንድሟ ቅቤውንም እርጎውንም ይዞ ተመልሷል።

ቅዳሜ ማለዳ ከሲስተር ጋር መናኸሪያ ሄድን። ሲዳምኛ የምትችለው እሷ ናት፤ የእኔ ከሰላምታ አያልፍም። ሚኒባሱ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ከዚያ ሞተር ብስክሌት፣ ከዚያ በእግር ዳገት። መንገዱን ሁሉ ሲስተር አንድም ቃል አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሚኒባሱ ቆሞ ተሳፋሪ ሲጭን፣ «ያን ማስታወቂያ ስትለጥፈው አይቼ ዝም አልኩ እኮ» አለች። «አማርኛው ማርኮኝ።»

ቤቱ ጋ ስንደርስ በሩ ላይ ብዙ ጫማ አየሁ። ደነገጥኩ፤ በእኛ አገር በር ላይ ብዙ ጫማ ሲታይ የሚታሰበው ለቅሶ ነው። ሲስተር ክንዴን ያዘችኝ። ገባን። ልጅቷ ቀይ ሻሿን አስራ በእናቷ ጉያ ተቀምጣ ቆጮ ትበላለች። ዙሪያውን ሃያ የሚሆን ሰው። አንዲት አሮጊት የልጅቷን ጉልበት ታሻለች። አንዱ ሕፃን አፍንጫው እየፈሰሰ ትከሻዋ ላይ ተደግፏል። እናትየው በዚያ ግቢ ውስጥ በቆየችባቸው ሳምንታት አይቼው በማላውቀው ፊት፣ በበራ ፊት፣ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ፊቷ ጠፋ።

ሲስተር በሲዳምኛ ተናገረች። እናትየው ግን ለእኔ በአማርኛ መለሰችልኝ፤ ቃል እየፈለገች፣ እያረፈች።

«እዛ ሰው አላየኝም። ሦስት ሳምንት። ወንድሜ መጣ፣ መለሱት። እዚህ ምን አሉ? 'ተዘጋባት፤ በሽታው የሚይዝ ነው፤ መንግሥት ዘጋባት' አሉ። ጎረቤት ልጁን ከሌሎቹ ልጆቼ ጋር እንዳይጫወት አለ። ስልክ ደውለው ነገሩኝ። ሰው የማይጠይቀው በሽተኛ እኮ የተጣለ ነው። መጥቼ አሳየሁ። ይኸው ልጄ። ይኸው፣ ይንኳት።»

ከምድጃው አጠገብ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ፣ የልጅቷ አያት፣ ጥያቄ ጣሉ። ሲስተር ተረጎመችልኝ፤ «ይህ በሽታ ይተላለፋል ወይ?» ነው የሚሉት።

«አይተላለፍም አባቴ።»

«ታዲያ በሩን ለምን ዘጋችሁ?»

ለምን። ሠላሳ ዓመት የኖርኩበት ቃል ነው። ለጀማሪ ዘጋቢዎች ሳስተምር 'ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ ብላችሁ ለምን ካላላችሁ ምንም አላላችሁም' ስል የኖርኩት እኔ ነኝ። ባለሥልጣን መግለጫ ሲያወጣ፣ «ይከለከላል» ብሎ ምክንያት ሲያጓድል፣ ሰውን እንደ ከብት መንዳት ነው ብዬ አምድ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የጻፍኩት ማስታወቂያ ግን የእነሱ መግለጫ ግልባጭ ነው። ጋሼ ሕዝቡን ይዘው ሲገቡ የተናደድኩትን ያህል እዚያ ቤት ውስጥ በራሴ ተናደድኩ። ልዩነቱ፣ በራስ ሲናደዱ የሚጮኹበት ሰው የለም።

በተቻለኝ መጠን አስረዳሁ፤ ሲስተር ተረጎመች። በሽታው ከልጅቷ ወደ ሰው አይሄድም፤ ከሰው ወደ ልጅቷ ግን ብዙ ነገር ይሄዳል። መድኃኒቱ ሲገባ ጠባቂዋን ያስተኛባታል። ያን ጊዜ ጉንፋን ያለው ሰው ከሳማት ሊገድላት ይችላል። በሩን የዘጋነው ሰው ከእሷ እንዲድን አይደለም፤ እሷ ከሰው እንድትድን ነው።

ሽማግሌው ጨርሰው እስኪሰሙ አላቋረጡኝም። ከዚያ ወደ ተሰበሰበው ሰው ዞረው አንድ ነገር አሉ፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ሲስተር እየሳቀች፣ «'ለካ በሽታው እኛ ነን!' ነው ያሉት» አለችኝ።

እንደዚያ እየሳቁ አሮጊቷ እጇን ከልጅቷ ጉልበት ላይ አነሳች። አፍንጫው የሚፈሰውን ልጅ አንዲት ሴት ብድግ አድርጋ ወደ ውጭ ይዛው ወጣች። ሌሎቹም አንድ በአንድ እየተነሡ ወጡና ደጁ ላይ ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም። በሩ ወለል ብሎ እንደተከፈተ፣ ከውጭ ሆነው ወሬያቸውን ቀጠሉ፤ ልጅቷም ከውስጥ ትመልሳለች። እኛ ሰባት የቦርድ አባላት በሁለት ስብሰባ ያላገኘነውን መላ ሃያ ጎረቤቶች ተነሥተው እስኪወጡ ባለው ጊዜ ውስጥ አገኙት። የነገርናቸው ምክንያቱን ብቻ ነበር።

«ዛሬ ከእኛ ጋር ትመለሻለሽ?» አልኳት እናትየውን።

«ነገ።»

«ማክሰኞ ነው እኮ ቀኑ።»

«ነገ አልኩ። ዛሬ ሰው አለኝ።»

አላመንኳትም። ይህንንም መደበቅ አልፈልግም። እሁድ ጠዋት ግቢው በር ላይ ቆሜ ባጃጅ እቆጥራለሁ። አምስት ሰዓት ሆነ፤ ስድስት ሆነ። ጋሼ ደውለው «እንዳልኩህ ነው፤ በር የምትዘጋበት ሰው አይመለስም» አሉኝ። ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል አንድ ባጃጅ ጥግ ላይ ቆመ። እናት፣ ልጅ፣ ወንድምየው ከነጀሪካኑ፣ ከኋላ ደግሞ ሽማግሌው አያት። እናትና ልጅ ገቡ። ሽማግሌው ከበሩ አላለፉም። ግራ ቀኝ አይተው ከአጥሩ ሥር ያለ ድንጋይ መረጡ፤ ተቀመጡ። ልጅቷ ከበረንዳው፣ እሳቸው ከአጥሩ ውጭ፣ በብረቱ ፍርግርግ መካከል እስኪመሽ ድረስ ሲጫወቱ ዋሉ።

ማክሰኞ ደሟ ተመረመረ። የደሟ መጠን ለመድኃኒቱ ይበቃል ተባለ። መድኃኒቱን በቀኑ ወሰደች።

እዚህ ላይ ባበቃ ደስ ባለኝ። ግን በቀጣዩ ስብሰባ ጋሼ «አጥሩ ሥር አግዳሚ ወንበር እናሠራለን» አሉ። መልካም። «ሐሳቡ የቦርዱ ነው፤ በእንግዶች ፊት እናስመርቀዋለን፤ ሪባኑን ያቺ ባለ ቀይ ሻሽ ልጅ ትቆርጠዋለች» ሲሉ ግን እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ ሐሳቡ የቦርዱ አይደለም። ድንጋዩ ላይ የተቀመጡት አያቷ ናቸው። እንግዶች የሚሏቸውስ ስንት ናቸው?»

«እንደ ባለፈው ነዋ፤ ሁለት ሚኒባስ።»

ሲስተር ራሷን በሁለት እጇ ያዘች። ሦስት ነገር ጠየቅኩ። ምረቃው ይቅር። የትኩሳቱ ነገር «በአየር ጠባይ» የተባለው ይታረም፤ «ምክንያቱ አይታወቅም፤ በዚያ ሰሞን ግን የሲስተር ክልከላ ተጥሶ ጠያቂ ገብቷል» ይባል፤ የምናውቀው ይህንን ነውና። ከሥሩ ደግሞ እናትና ልጅ ግቢውን ጥለው የሄዱት እኔ ምክንያቱን ሳልገልጽ ባወጣሁት ማስታወቂያ ጠንቅ መሆኑ ይጻፍ።

ጋሼ በሦስተኛው ተገረሙ። «ራስህን ትከሳለህ እንዴ? ቃለ ጉባኤ ላይ ስህተት አይጻፍም እኮ ልጄ። ስህተት ከተጻፈበት ማን ይረዳናል?»

«ስህተት የማይጻፍበት መዝገብ ምን ይጠቅማል?»

ምረቃው ቀረ፤ አግዳሚው ግን ተሠራ። ቃለ ጉባኤው አልታረመም፤ ዛሬም አልታረመም። በየስብሰባው መጀመሪያ ላይ እጄን አነሣለሁ፤ በየስብሰባው «ይታያል» ይባላል። ልለቅ አስቤ ነበር። ሲስተር «አንተ ከወጣህ እጅ የሚያነሣው ማን ነው?» ብላኝ ቀረሁ።

በሩ ላይ ያለውን አሮጌ ማስታወቂያ ነቅዬ አዲስ ለጠፍኩ። ረጅም ነው። አርታኢ ቢያየው ይቆርጠዋል። በአማርኛም በሲዳምኛም፣ በሩን ለምን እንደምንዘጋ፣ ለስንት ቀን እንደምንዘጋ፣ ጠያቂ የት ተቀምጦ መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል። ማንበብ ለማይችል ዘበኛው ይነግራል፤ እንደ ውዳሴ በቃሉ አጥንቶታል።

ከዚያ በኋላ በአንድ እሁድ ጋሼ ብቻቸውን መጡ። ሙሉ ልብስ፣ በፌስታል ብርቱካን። ልጅቷ ሌላ ዙር ወስዳ አምስተኛ ቀኗ ነበር፤ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች። ጋሼ የበሩን እጀታ ሲይዙ ከውስጥ ጮኸች።

«አንተ! ጉንፋን አለህ?»

ለከተማው ትልቅ ሰው «አንተ» ብሎ የሚጮህ የለም። ዘበኛው አፉን በእጁ ያዘ። ጋሼ ግራ ተጋብተው እኔን አዩኝ፤ እኔ አግዳሚው ላይ ነበርኩ።

«የለኝም ልጄ» ብለው ሊሳሳቁ ሲጀምሩ ሳል ያዛቸው። ትንሽ ሳል፤ የአቧራ ይሁን የጉንፋን፣ ማስረጃ የለኝም።

«አለህ!» አለች። «እዛ ተቀመጥ። ከእሱ ጎን።»

ጋሼ የበሩን እጀታ ለቀቁ። መጥተው ከጎኔ ተቀመጡ፤ ብርቱካኑን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ልጅቷ ወደ ፍርግርጉ ፊቷን አዙራ፣ ስለ ጤናቸው፣ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ከብቶቻቸው ጠየቀቻቸው። ፍራሽ እንጂ ከብት የላቸውም። «ደህና ናቸው» አሏት።